በርሜሉ በድምፅ ማጉያ የተነበበበት ጧት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የእንግሊዝኛ መምህር ቤቴ ድረስ መጣ። ዲግሪ አለው፤ ሁለተኛውንም በርቀት ጀምሬያለሁ አለኝ። እኔ አልጋዬን ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር አውጥቼ፣ ሸሚዜን አውልቄ ተጋድሜ ነበር፤ የመተማን ሚያዝያ የሚያውቅ ሰው አይፈርድብኝም። «አባባ፣ ቲቸር ባዬ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?» ሲለኝ «ሌላ ቲቸር ባዬ ሰምተህ ታውቃለህ?» አልሁት። ሳቀና ባዶ ጀሪካን ገልብጦ ተቀመጠ። ተማሪዎቹ አንድ ገጽ እንኳ አናነብም ብለው እንዳስቸገሩት፣ እኔ ግን በድሮው ጊዜ አንድ ሙሉ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አስተምሬ እንደነበር ከትልልቅ ሰዎች መስማቱን ነገረኝና ዘዴውን እንዳካፍለው ለመነኝ። አያችሁ፣ ባለ ሁለት ዲግሪው አራተኛ ክፍልን ያልጨረሰውን ሰው ደጅ ይጠናል። ስለ በረዶው ነገርሁት፤ ስለ ሰሌዳው ነገርሁት፤ በስልኩ ቀድቶኝ፣ አመስግኖኝ ሄደ። ግማሹን ግን ዋጥሁት። ያን መጽሐፍ ባላስተምር ኖሮ አንድ ጎልማሳ እዚሁ ከተማ ውስጥ ውሃ እያመላለሰ፣ ምናልባትም አግብቶ ወልዶ ይኖር ነበር። በስልክ የሚነገር ነገር ስላልሆነ እዚህ እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ ማን እንደነበርሁ ይታወቅልኝ። እኔ እንግሊዝኛን የተማርሁት ከትራክተር ነው። በልጅነቴ ከኮኪት ወጣ ብሎ ባለ እርሻ የኦፕሬተር ረዳት ሆኜ ተቀጠርሁ። ከማሽኑ ጋር የመጣ የመመሪያ መጽሐፍ ነበረ፤ ኦፕሬተሮቹ ሥዕሉን አይተው ይዘጉታል፤ እኔ ከሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ እያንዳንዷን ቃል ከአንድ ሽፋን ከሌለው መዝገበ ቃላት ጋር እያመሳከርሁ አነበብሁ። መዝገበ ቃላቱን ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ የመጣ ነጋዴ በአንድ ጅራፍና በሁለት ዶሮ ለወጠኝ። ክረምቱን ሙሉ ጭቃው ማሽኑን ይዞ ሲያቆመው ሌላው ካርታ ይጫወታል፤ እኔ ራኩባ ከምንለው የሣር ዳስ ሥር ተቀምጬ እየጮኽሁ አነባለሁ። ወባ ሲያንቀጠቅጠኝ እንኳ አላቋረጥሁም። በአምስተኛው ዓመት ራዲዮ ላይ የሚያወራው ፈረንጅ ሲሳሳት አውቅበት ጀመር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ሆኖ ስላለፈ ነው። ከደጋ የሚመደቡት መምህራን ቆላውን አይችሉትም ነበር። አንዱማ ሻንጣውን ሳይፈታ በመጣበት አይሱዙ ላይ ተመልሶ ወጣ። ርዕሰ መምህሩ ጨንቆት ሲያጠያይቅ «ባዬ አለ» አሉት። መጥቶ ሲያናግረኝ ጎማ እየቀየርሁ ነበር፤ እጄን በጋዝ ታጥቤ ተከተልሁት። በዚያ ሳምንት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች «ቲቸር» አሉኝ፤ ይኸው ስሙ እስከ ዛሬ አልወረደልኝም።

ያን ጊዜ አስፋልቱ አልመጣም። ከተማው አንድ ሰፊ የአቧራ መንገድ ነበር፤ ከላይ የጭነት መኪኖቹ መቆሚያ፣ ከታች ወደ ድልድዩና ከሱዳን ወገን ወዳለችው ገላባት መውረጃው። አንድ ብርጭቆ ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም፣ ስኳሩን እስኪያንገሸግሽህ አድርገው ነበር የሚሰጡህ። ፉል በዘይትና በሽንኩርት ከነዳቦው ብር ከሃምሳ ነበር፤ የሱዳን ፓውንድ ብትሰጥም ማንም ዞር ብሎ አያይህም። ወንዱ ከላይ ሸሚዝ፣ ከታች ኮንጎ ጫማ፤ የደላው ከወዲያ ማዶ የመጣ ነጭ ጀላቢያ አጥልቆ ዓርብ ዓርብ ይታይ ነበር። ከየሻይ ቤቱ የሱዳን ካሴት ይጮኻል፤ አንዱ ዘፋኝ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል፤ ዐረብኛ የማያውቀው የጎጃም ሰሊጥ አጫጅ ሳይቀር ትከሻውን እያነቃነቀ አብሮ ያዜማል። ዛሬ በዚያው ቦታ ባለ መስታወት ፎቅ ቆሟል፤ ከውስጥ ግን ማንም አይዘፍንም። ከጭነት መኪኖቹ መቆሚያ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ትምህርት ቤታችን ነበር። አጥሩ ሽቦ ነው፤ እኛ የምንለውን ከመኪኖቹ የሚወርደው የእርሻ ሠራተኛ ይሰማል፤ ሠራተኛው የሚሳደበውን እኛ እንሰማለን።

መጽሐፉን ያገኘሁት ከዚያው ከገዳሪፍ ገበያ ነው፤ ከአሮጌ ጫማ ጋር ተደባልቆ መሬት ላይ ተዘርግቶ ነበር። ልብ ወለድ አይደለም፤ በእውነት የሆነ ነገር ነው። በቀዝቃዛ አገር የሚኖር አንድ ወጣት ከዕለታት አንድ ቀን ለማንም ሳይናገር በገመድ የሚጎተት የበረዶ ጋሪ አዘጋጅቶ፣ በረዶ የሆነ ሐይቅና ጫካ ክረምቱን በሙሉ ብቻውን ያቋርጣል። ሦስት የእግር ጣቶቹን ብርድ ቆርጦ ይጥልበታል፤ ግን በሕይወት ይመለሳል። ተመልሶም ዝም ይላል። ጸሐፊው ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ልጁ ያለፈበትን ቦታ ሁሉ እየዞረ ያየውን ሰው ሁሉ ይጠይቃል፤ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የተወለደበትን መንደር፣ የጫማውን ዓይነት ሳይቀር ይጽፋል። እኔን የማረከኝ ልጁ አይደለም፤ ጸሐፊው ነው። ምንም ነገር ሳይጠይቅ አያልፍም። ራሴን አየሁበት።

መጽሐፉ አንድ፣ ተማሪው ስልሳ ሰባት። ጧት አንድ ሰዓት ቀድሜ እየገባሁ አንድ ገጽ ሙሉ ሰሌዳው ላይ እገለብጣለሁ፤ እነሱ ይገለብጡታል፤ ከዚያ ቃል በቃል እናፈርሰዋለን። ዓመቱ ሲጋመስ ስልሳ ሰባት መጽሐፍ ነበረን፤ ሁሉም በእጅ የተጻፈ። ይህን ያደረገ መምህር በዚህ አውራጃ ካለ ይምጣና ያሳየኝ። ችግሩ በረዶ ነበር። አርባ ዲግሪ ውስጥ ተወልዶ ላደገ ልጅ «ሐይቁ ጠነከረ፤ በላዩ ሄደ» ብትለው ተአምር የምታወራ ይመስለዋል። አንድ ቀን ለመጠጥ ማቀዝቀዣ ከገላባት የሚመጣውን የበረዶ ግንድ በጆንያ ጠቅልዬ፣ በትከሻዬ ተሸክሜ ክፍል ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «ኑ፣ እጃችሁን ጫኑበት፤ ሃምሳ እስክትቆጥሩ ማንም እንዳያነሣ» አልሁ። አሥር ሳይደርሱ ጩኸት ሆነ። «ቲቸር፣ ይኼማ ያቃጥላል!» አለ አንዱ። «ያ የመጽሐፉ ልጅ ታዲያ በዚህ ላይ ስንት ወር ተኛ?» አልሁት። «አብዶ ነዋ!» አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ በኩል ያለችው ትርንጎ ግን እጇን አላነሣችም። ሃምሳ ቆጥራ፣ የቀላ መዳፏን አይታ፣ «እናቱ ስንት ቀን ጠበቀችው?» አለችኝ። ጥያቄ ማለት ይኼ ነው።

ትርንጎ የእቴ ጥሩወርቅ ልጅ ናት። እቴ ጥሩወርቅ ከመኪኖቹ መቆሚያ ጥግ፣ ግንዱ ሰው ከሚውጠው ትልቁ ዲዛ ዛፍ ሥር ሻይና ፉል ይሸጡ ነበር። ለእሳቸውም ለጎረቤቶቻቸውም ውሃ የሚያመላልሰው በርሜሉ የምንለው ሰው ነው። የአህያ ጋሪ ላይ በርሜል ጭኖ ከጓንግ ወንዝ ያመጣል፤ ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ በርሜሉ ተባለ። ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። ቀጠን ያለ፣ ሲሄድ ከመንገዱ ዳር ዳሩን የሚሄድ፣ ሲቀመጥ ጀርባውን ለግንድ የሚሰጥ ሰው ነበር። ከመጣ ሦስት ክረምት አሳልፏል፤ እቴ ጥሩወርቅ ትራፊ ሳይሆን ከራሳቸው ሳህን ነበር የሚያበሉት።

እዚህ ላይ የቆላውን ደንብ ያላወቀ አንባቢ ቢኖር ልንገረው። በሰሊጥ አጨዳ ከየአገሩ ሰው ይወርዳል፤ ጎጃሜው፣ ወሎዬው፣ ጋይንቴው። አብረኸው ታጭዳለህ፣ ሰሊጡን ሂላ በምንለው የነዶ ክምር ታቆማለህ፣ ከአንድ ሳህን ትበላለህ፣ ሲታመም ታስታምመዋለህ። የአባቱን ስም ግን አትጠይቀውም። የሰጠህን መጠሪያ ተቀብለህ ዝም ነው። ከሚወርደው ሰው መሐል ከሚስት የሸሸ አለ፣ ከግብር የሸሸ አለ፣ ከደም የሸሸ አለ። ሁሉም ይህን ያውቃል፤ የሚናገረው ግን የለም። ይህን ደንብ እኔ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ያደግሁበት ነው። ታዲያ መጽሐፉ በልጦብኝ ተውሁት።

ልጆቹ በሚቀጥለው ዓመትም በእኔው እጅ ነበሩ፤ መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲገባ፣ ሠራተኛው በአይሱዙ ተደራርቦ በሚወርድበት ሰሞን፣ ለክፍሉ የቤት ሥራ ሰጠሁ። «መጽሐፉን ጨርሰናል። አሁን እናንተ ጸሐፊ ናችሁ። ብቻውን ረጅም መንገድ የተጓዘ አንድ ሰው ፈልጉ፤ ጠይቁ፤ እውነቱን ጻፉ። ስም፣ የአባት ስም፣ መንደር። ስም የሌለበት ጽሑፍ ተረት ነው፤ ተረት አልቀበልም» አልሁ። አብዛኛው የአጎቱን የገበያ መንገድ ጽፎ መጣ። የትርንጎ ግን ሌላ ነበር። በርሜሉ ከደጋ የወረደው በመኪና አልነበረም፤ የአርማጭሆን ጫካ ዘጠኝ ቀን በእግሩ፣ ብቻውን፣ መንገድ ሳይነካ ነው ያቋረጠው። ቀን በዲዛ ዛፍ ጎድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ ሲመሽ ይሄዳል። ቁርቁራ ለቅሞ በልቷል። ሰባተኛው ቀን ላይ ከአንድ ኩሬ አጠገብ የጅብ ዱካ አይቶ «ደስ አለኝ፤ ጅብ ካለ ሰው ሩቅ አይደለም» ብሏታል። እኔ ይህን ሳነብ ተነሥቼ ቆምሁ። ከፈረንጁ የሚበልጥ ጽሑፍ በመተማ ልጅ እጅ፣ በእኔ ትምህርት! አንድ ነገር ብቻ ጎደለው፤ በስሙ ቦታ ሰረዝ ነበር።

«ስሙን አልነገረሽም?» አልኋት።

«ነግሮኛል።»

«ታዲያ ጻፊዋ!»

«እናቴ ተቆጣችኝ፣ ቲቸር። በረሃ ላይ ያባት ስም አይጠየቅም አለችኝ። እሱም ለአንቺ ብቻ ብሎ ነው የነገረኝ።»

«እናትሽ ሻዩን ታፍላ፤ ጽሑፉን ለኔ ትተውልኝ» አልሁ። «ያ ጸሐፊ ስሙን ቢተው ኖሮ ልጁን ማን ያውቀው ነበር? ይህ ሰው እንዲከበር አትፈልጊም?»

አንገቷን ደፍታ ስሙን ነገረችኝ። እስክሪብቶ እንኳ አላስነሣኋትም፤ በራሴ ቀይ እስክሪብቶ ሰረዙ ላይ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሳይቀር ጻፍሁበት። ዛሬ እዚህ አልጽፈውም። አንድ ጊዜ መጻፌ በቅቶታል።

ትምህርት ቤታችን በዚያ ዓመት ሚኒ ሚዲያ አቋቁሞ ነበር። አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ ጄኔሬተር፣ ጣሪያው ላይ የታሰረ እንደ ጥሩምባ አፉን የከፈተ ድምፅ ማጉያ። ጧት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ዜናና ግጥም ይነበብበታል። ትርንጎ አላነብም ብላ አለቀሰች፤ እኔ ራሴ አነበብሁት። ድምፄ ያን ጊዜ እንደ ዛሬ አልሰለለም። ርዕሰ መምህሩ ሰዓቱን እያየ ነበር፤ እኔ እያንዳንዷን ቃል ተረጋግቼ፣ ስሙ ላይ ስደርስ ደግሞ ከፍ አድርጌ፣ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከመንገዱ ማዶ በዚያች ሌሊት የወረዱ ሦስት አይሱዙ ሙሉ ሠራተኞች ቅጥር እየጠበቁ ቁጭ ብለው ነበር። ፊታቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አዙረው ሰሙኝ። አንዳንዱ እንዲያውም አጨበጨበ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደምጬ አላውቅም።

ረፋድ ላይ በርሜሉ ከአጥሩ ሽቦ ሥር ቆሞ አየሁት። ጋሪውም አህያውም አብረውት አልነበሩም። ያለ ጋሪ አይቼው ስለማላውቅ ለአፍታ ሌላ ሰው መሰለኝ።

«ጋሼ ባዬ፣ ጧት ያነበቡት እኔን ነው?» አለኝ።

«አንተን ነው! ኩራ እንጂ! ከስልሳ ሰባት አንደኛ ወጥተሃል።»

«ስንት ሰው ይሰማዋል?»

«ነፋሱ ከያዘለት ገላባት ድረስ ይሰማል» አልሁት፤ እንደ ሞኝ ደረቴን ነፍቼ።

አንገቱን ነቀነቀ። ከሽቦው ላይ የተንጠለጠለ የላስቲክ ቁራጭ እያነሣ ሲያሽከረክር ቆየና «ያ የመጽሐፉ ልጅ፣ ትርንጎ የነገረችኝ፣ የሚያሳድደው ሰው ነበር?» አለኝ።

«ማንም አልነበረም።»

«ደም የለበት?»

«ምን ደም! ቤቱ ሙሉ፤ እናት አባቱ ደህና።»

«ታዲያ ምን አጥቶ በረዶ ውስጥ ገባ?»

«ብቻውን መሆን አምሮት።»

«ብቻውን መሆን አምሮት» ብሎ ደገመው። ፌዝ አልነበረም፤ እውነት ገርሞት ነው። «እንዲህ ያለም ሰው አለ ለካ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኔ ወንድም በእርሻ ድንበር ጠብ ሰው ገድሎ ጠፋ። እሱ ከታጣ ለደሙ የምፈለገው እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ያልተገኘሁት የት እንደገባሁ ስላልታወቀ ነበር» አለኝ።

«ለፖሊስ እንንገር» የሚል ነገር አጉተመተምሁ። እሱ ግን ቀድሞኝ ፊቱን አዙሮ ነበር። ሁለት ርምጃ ሄዶ ተመለሰና «ትርንጎ እንዳይከፋት ይንገሩልኝ። አጻጻፏ ደህና ነው፤ የጅቡን ነገር ያልሁትን በትክክል ጽፋዋለች» አለኝ። ይኼው ነው። ለስድብ የተዘጋጀ ፊቴን ምስጋና አገኘው። ያን ቀን ቢሰድበኝ ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር። በዚያው ማታ ከከተማው ጠፋ፤ ወዴት እንደሄደ የነገረኝ የለም።

ወሬው በአይሱዙ ወደ ደጋ ወጥቶ ኖሯል፤ በአራተኛው ቀን ሁለት ሰዎች ወረዱ። በዚያ ሐሩር ወፍራም ካፖርት ለብሰዋል፤ አይተህ ደገኛ መሆናቸውን፣ ካፖርቱንም ማውለቅ የማይችሉበት ምክንያት እንዳላቸው ታውቃለህ። እቴ ጥሩወርቅ ዘንድ ሻይ ጠጥተው ጠየቁ፤ እሳቸው «እንዲህ የሚባል አላውቅም» አሏቸው። ከዚያ ትምህርት ቤት መጡ። ትሑት ሰዎች ነበሩ። ትከሻዬን ስመው «መምህር፣ አንቱ የተባሉ ሰው እንደሆኑ ሰምተናል። ስለ ልጃችን ያነበቡት ጽሑፍ አለ አሉን። እኛ ዘመዶቹ ነን፤ እናቱ ታማበት ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ብልጠቴ የመጣልኝ። አሰብሁ፦ ከመተማ የሚሸሽ ሰው የት ይሄዳል? ድልድዩ ግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ ማዶ ሱዳን ነው፤ ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ስለዚህ ሰዎቹን በተቃራኒው ልላካቸው። ፊቴን ሳላጠቁር፣ ዓይናቸውን እያየሁ፣ «ወዮ! ለጥቂት አመለጣችሁ። በኮኪት አድርጎ ወደ አብደራፊ ነው የሄደው፤ እርሻ ሊቀጠር» አልኋቸው። አመስግነውኝ፣ አቧራቸውን አራግፈው፣ በዚያው ቀን በሄደ መኪና ተሳፈሩ። እኔ መኪናው ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት። ያጠፋሁትን በአንድ ቃል እንዳቀናሁት ነበር የማውቀው።

በቀጥታ እቴ ጥሩወርቅ ዘንድ ሄድሁ። ከዚያ ጧት ጀምሮ ሻይ አይሸጡልኝም ነበር፤ ልጃቸውንም ከክፍሌ አስቀርተዋታል። ከራኩባው ሥር የተቀመጡት ሾፌሮች ሲያዩኝ «ቲቸር መጡ፣ የአያታችሁን ስም ደብቁ!» እያሉ ይሳሳቃሉ። አልሰማሁም ብዬ አለፍኋቸው።

«እቴ ጥሩ፣ ምሥራች ልንገርዎት። ሰዎቹን ሸኘኋቸው።»

«ወዴት?» አሉኝ፤ ፊታቸውን ከምድጃው ሳያነሡ።

«እንዳይደርሱበት ወደ አብደራፊ!»

ማንቆርቆሪያው ከእጃቸው አልወደቀም። ሰው በመጽሐፍ ሲጽፍ ይወድቃል ይላል። እሳቸው ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡት፤ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፤ ከዚያ አዩኝ።

«አንተ ሰው» አሉኝ። በዚያ ዕድሜዬ ማንም አንተ ብሎኝ አያውቅም ነበር። «ሱዳን ውስጥ ማን አለው? ወረቀት የለው፤ ቋንቋ የለው። እኔ ነኝ ወደ አብደራፊ የላክሁት፤ ያገሬ ሰው ካቦ ሆኖ አጫጆቹን የሚያዝበት እርሻ አለ።»

ሾፌሮቹ ሳቃቸውን አቆሙ። «የትኛው እርሻ? የካቦውን ስም ይንገሩኝ፤ ቀድሜ ልድረስ» አልሁ።

«ለአንተ ስም?» አሉና ጀርባቸውን ሰጡኝ።

እኔ ስወጣ ትርንጎ ከኋላዬ ሮጣ ደረሰችብኝ። ዓይኗ አብጦ ነበር። «ቲቸር» ማለት ጀምራ ተወችው። «አብደራፊ ሳይደርሱ፣ ቀይ የውሃ ታንከር የቆመበት እርሻ» አለችኝ። «ስም አልነግርዎትም። ቦታውን ግን ይኸው።» ከዚያ በኋላ እኔንም ክፍሌንም አልረገጠችም። በሌላ ከተማ ተምራ ነርስ ሆነች ይባላል። ጎበዝ ናት፤ ከእጄ ካለፉት ሁሉ እሷን የሚያህል አላየሁም። ያኔም ይህን ነግሬያት አላውቅም፤ የማሞግሰው ራሴን ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጧት ሰሊጥ ለመጫን በሚወርድ መኪና ላይ ወጣሁ። በአጫጆች መሐል፣ በጀሪካንና በማጭድ ላይ ተቀምጬ ነበር። የእርሻ መንገዱ ገና አልደረቀም፤ ጥቁሩ ጭቃ ሁለት ጊዜ ያዘን፤ ወርደን ገፋን። ከግራም ከቀኝም በሂላ የተከመረው ሰሊጥ እስከ ሰማዩ ጫፍ ይታይ ነበር፤ በፀሐይ ሲነቃ የሚሸተው ሽታ እስከ ዛሬ ያፍነኛል። አብሮኝ ያለው ሁሉ እየዘፈነ ነበር። አንዱ «ጋሼ፣ እርስዎም አጨዳ ነዎት?» ሲለኝ «ሰው ልጠይቅ ነው» አልሁት፤ ዘፈኑ ትንሽ ቀነሰ። አብርሃ ጅራ አድረን በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀዩን ታንከር ከሩቅ አየሁትና ወርጄ በእግሬ ገባሁ።

ካቦው ሽበታም ሽማግሌ ነበር። ከታንከሩ ጥላ ሥር ማጭድ ይስላል። ሰባት ስምንት አጫጆች እራት ሳይደርስ ውሃ ሊጠጡ ቆመዋል። ሰላም አልሁ። ውሃ ሰጡኝ፤ ጠጣሁ። ምን ብዬ ልጠይቅ? ስሙን ከጠራሁ ዳግመኛ በድምፅ ማጉያ አነበብሁት ማለት ነው። በርሜሉ ብል እዚህ ማን ብለው እንደሚጠሩት አላውቅም።

«አንድ ሰው ፈልጌ ነበር» አልሁ። «ቀጠን ያለ። ከሳምንት ወዲህ የመጣ። ከመተማ።»

ካቦው ማጭዱን ከድንጋዩ አላነሣም። «እዚህ ሁሉም ቀጭን ነው» አለ። ከአጫጆቹ አንዱ ሊስቅ ሲል የካቦውን ፊት አይቶ ዋጠው።

«ክፉ አይደለሁም፤ መምህር ነኝ» አልሁት። መምህርነቴን እንደ መታወቂያ አውጥቼ ስጠቀምበት ሳይሠራ የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው። «ሁለት ሰዎች ካፖርት የለበሱ አልመጡም?»

«ትናንት መጥተው ሄደዋል።»

«አገኙት?»

«ማንን?» አለኝ።

ዙሪያዬን ተመለከትሁ። አጫጆቹ በክብ ቆመዋል፤ እያንዳንዱ ማጭዱን ከትከሻው አውርዶ ይዞታል። በፊታቸው ላይ የማውቀው ነገር ነበር፤ እቴ ጥሩወርቅ ያን ቀን እኔን ያዩበት አስተያየት። ቢሞት አይነግሩኝም፤ ቢኖር አይነግሩኝም። የትምህርት ቤቱን፣ የመጽሐፉን፣ የድምፅ ማጉያውን ነገር ከየት ጀምሬ ለማን ልተርክ?

ካቦው በመጨረሻ ቀና አለና ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ለመሆኑ አንተ ምኑ ነህ?» አለኝ።

«ዘመዱ ነኝ» አልሁት።

«እነሱም እንዲሁ ነው ያሉ» አለና ማጭዱን መሳል ቀጠለ።